ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ምድርና ስለ ጠባቂዎቹ



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ በስተቀኙ አንድ ሰፊ ውሃ ተንጣሎ ያያል። ከውሃው ዳር ገባ ብሎም፣ በዙሪያው ካለው የታረሰ መሬት ተለይቶ በዛፍ የጠቈረ አንድ ጉብታ ይታያል። እርሱም ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ስለዚህ ገዳም በትምህርት ቤት ያልተማረ፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓንም ስም ያልሰማ ከእናንተ መካከል አይገኝም ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምናገረውም የምታውቁትን ለመድገም አይደለም፤ ስለ ውሃው፣ ወደ ውሃው ጐርፉን ስለሚለቀው ተራራ፣ ተራራውንም እንጠብቅ ብለው ስለሚሰበሰቡት የአገሬው ሰዎች ጥቂት ታሪክ ለማቅረብ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ወደዚህ ነገር ያመጣኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ሥራዬ በማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ማንበብ ስለ ሆነ፣ በየዓመቱ ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ዜና በእጄ ይገባል፤ ‹‹በዚህ ዞን ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፤ ይህን ያህል ሔክታር ተራራ ተከለለ›› የሚለውንም ድምፄን አስተካክዬ አነበዋለሁ። ባልደረባዬ የወሎ ሰው ነው። አንድ ቀን ከስቱዲዮ ስወጣ በር ላይ ጠብቆ፣ ‹‹ለመሆኑ ያምናው እርከን ዛሬ አለ ወይ? ማንስ ይጠብቀዋል?›› አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም፤ ወረቀቱ ስለ ተሠራው እንጂ ስለሚጠብቀው ምንም አይናገርም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ ስለዚህ አገር የተጻፈውን ማንበብ ጀመርሁ፤ በኋላም በዐይኔ ለማየት ሄድሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሐይቁ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን እጅግ የሚያስገርም ሆኖ፣ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዋናው ነገር ግን መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ጣና ዓባይን እንደሚያወጣ እርሱ ወንዝ አያወጣም፤ ውሃው በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፤ ከውሃው ጋር የገባው አፈር ግን እዚያው ይቀራል። በስተደቡብ ምሥራቅ ከርሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ የአርዲቦም ውሃ በወንዝ እየወረደ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ በመካከሉ ያለውም ገበሬ በመስኖ ይጠልፈዋል። ስለዚህ አርዲቦ ዳር የሚኖር ሰው የሚያደርገው ነገር በገዳሙ ደጃፍ ያለውን ውሃ ይነካል። ‹‹ተፋሰስ›› የሚለውን ቃል በየሪፖርቱ ስታዩት ምናልባት መሥሪያ ቤት የፈጠረው ደረቅ ቃል ይመስላችሁ ይሆናል፤ በዚያ አገር ግን ሳይመራረጡ በዝናብ ውሃ ምክንያት ጐረቤት የሆኑ ሰዎች ማለት ነው።

ገዳሙን ትውፊት በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሡ በድልናዖድ ዘመን ይጀምረዋል። ታላቅነቱ ግን ከደብረ ዳሞ የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ እንደገና ካቀኑት ወዲህ ነው። እርሳቸው በ1285 ዓ.ም. ገደማ እስኪያርፉ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አስተዳደሩት፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አፄ ይኵኖ አምላክ በ1263 ዓ.ም. ገደማ ከነገሡ በኋላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ አገኘ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሶአል፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ ሲጽፉ በዚሁ ወንጌል ኅዳግ ላይ ከተመዘገበው ብዙ ነገር አግኝተዋል። አባቶች የገዳሙን ንብረትና መብት በወንጌል ላይ የሚጽፉት በምክንያት ነው። ወረቀት ይጠፋል፤ ወንጌልን ግን ማንም በቀላሉ አይፍቅም። እኛ ዛሬ ማኅተምና መዝገብ ቤት የምንለው ነገር ለነርሱ ይኸው ነበረ።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቅን አይቶ ጽፎአል። በርሱ ጊዜ ገዳሙ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ መነኮሳቱም በደንገል ታንኳ ይሻገሩ ነበር። ሎሚና ብርቱካን እንደ ነበረ፣ በውሃው ውስጥም ጉማሬ እንደሚኖር ይናገራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1524 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢማም አሕመድ ጦር እዚያ ደረሰ፤ ደሴቱንም ያዘ፤ የገዳሙም የቀድሞ ኀይል በዚያው ተቈረጠ። ዛሬ ጉማሬ እስኪወጣ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይደክማል። ታንኳም ለመሳለም አያስፈልግም፤ ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይኬዳል። (በከተማው ምግብ ቤቶች እንግዳው ሁሉ የሚያመሰግነውም የቆሮሶ ዓሣ የጥንት እንዳይመስላችሁ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ ነው።)

አሁን ወደ ሌላ መዝገብ ልለፍ። ገዳሙ በብራና የተጻፈውን እንደ ጠበቀ ሐይቁም የራሱን መዝገብ በሆዱ ይዞአል። በየክረምቱ ጐርፍ የሚያወርደው ደለል በሐይቁ ወለል ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራል፤ ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝና ሰደድ እሳት የተወው የከሰል ቅንጣትም አብሮ ይቀበራል። የየዛፉ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መልኩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ የጽዱ ከወይራው ይለያል። ኢያን ዳርቢሺርና ሄንሪ ላም የተባሉ ሊቃውንት ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከመሐመድ ዑመር ጋር ሆነው ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል የወጣውን ደለል መረመሩ፤ ያገኙትንም በ1995 ዓ.ም. አሳተሙ። የመረመሩት የ3,000 ዓመት ታሪክ ነው።

ያ ጭቃ የሚናገረውን በአጭሩ ላስረዳ። ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ አገር የነበረው የዝግባና የጽድ ደን ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር ተተካ፤ ይህም ሁኔታ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያም በ1200 ዓ.ም. ገደማ ጽድና ወይራ መልሰው መብቀል ጀመሩ፤ ደኑም እየሰፋ ሄዶ 500 ዓመት ያህል ኖረ። በ1700 ዓ.ም. ገደማ እንደገና መመንጠር ተጀመረ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታትም አፈሩ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ይወርድ ጀመር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብሁት ነገር ምን እንደ ሆነ ሳትገምቱ አትቀሩም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ የመጡበትና ደኑ መመለስ የጀመረበት ዘመን አንድ ነው። እንግዲያው ተራራውን ያለበሱት መነኮሳቱ ናቸው ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ዳሩ ግን ታሪክ እንዲህ አይጻፍም። አንድ ገዳም የሁለት ሐይቆችን ዙሪያ ሁሉ ደን ሊያለብስ አይችልም፤ ሊቃውንቱም ከምክንያቶቹ አንዱ የዝናብ መጨመር ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራሉ። ደኑ ለምን ተመለሰ ለሚለው አንዲት መልስ የለንም። ደኑ በሁለተኛው ጊዜ ሲጠፋ በገዳሙ ጉብታ ላይ ለምን እንደ ቀረ ግን መናገር ይቻላል። የገዳሙ ወሰን የታወቀ ነበረ፤ በውስጡ የተፈቀደውና የተከለከለው የታወቀ ነበረ፤ ሥርዓቱን ያፈረሰ ሰው በማን ፊት እንደሚቆም የታወቀ ነበረ። እንግዲህ ገዳሙ ስለ ቅድስናው ብቻ ሳይሆን ስለ ደንቡም ጭምር ሊጠና ይገባዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር ላንሣ። ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበረ፤ ዛሬ ጥቂት በመቶ ብቻ ቀረ የሚል ዐረፍተ ነገር በብዙ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ መግቢያ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔም ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት እግዚአብሔር ይወቀው። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ የዚህን ቍጥር ምንጭ ፈልጎ የረባ ማስረጃ እንደሌለው አስረድቶአል። ዶናልድ ክረሚም በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ገደማ፣ በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ በየቦታው እየቆመ አነጻጸረ፤ በብዙው ስፍራ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ዛፍ አገኘ። አብዛኛው ገበሬው በደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበረ። ባሕር ዛፍ የጽድን ደን አይተካም፤ አፈርንም እንደርሱ አይዝም። ነገር ግን የወሎ ገበሬ ዛፍ ጠላት ነው የሚለውን ወሬ ያፈርሳል። የራሱ የሆነውን ዛፍ ሲተክልና ሲጠብቅ ኖሮአልና።

የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን እንደ ምን እንዳደረገው ከመካከላችሁ በዐይኑ ያየ፣ ያላየም ከወላጆቹ የሰማ አለ። ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። መንግሥትም ተራራውን ለማዳን በማኅበራቱ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ማሰለፍ ቻለ። ከ1972 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል ሰጠ፤ ሥራውም በአፍሪቃ ከነበሩት የምግብ ለሥራ ሥራዎች ትልቁ ተባለለት። የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበረ። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜና ከዚያም በኋላ ይህ ስንዴ የብዙ ሰው ሕይወት እንዳቆየ መካድ አይገባም። በደቡብ ወሎ ተራሮች ወገብ ላይ እንደ መቀነት የምታዩአቸው የድንጋይ እርከኖች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው።

የተበላሸው ነገር የት ላይ ነው? ተራራው ሲከለል ሣሩ የማን እንደሚሆን አልተነገረም። ችግኙ ሲተከል ዛፉን ማን እንደሚቈርጠው አልተነገረም። ገበሬው ከብቱን ከዳገቱ ሲያስወጣ ‹‹የመንግሥት ደን›› የሚል ስም ብቻ ሰማ። እርከን መሥራቱንም እንደ እህል ማግኛ እንጂ እንደ መሬቱ ጥገና አልቈጠረውም፤ አንዳንድ ቦታ የፈረሰውን እንደገና ለመሥራት ስንዴ ይመጣል ብሎ ሳይጠግነው የሚተወው ነበረ። የካቲት 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲለወጥ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.ም መንግሥቱ ሲወድቅ፣ ጠባቂ የነበረው የገበሬ ማኅበር ሥልጣን አብሮ ወደቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ ስፍራ የማኅበር ደን ተጨፈጨፈ፤ የተከለለው ተራራ ለከብት ተከፈተ፤ የእርከኑም ድንጋይ ተነሣ። በአሥር ዓመት የተሠራ ነገር በአንድ በጋ ሲፈርስ ያዩ የግብርና ሠራተኞች ዛሬም አሉ፤ ስለዚያ በጋ ሲጠየቁ ብዙ አይናገሩም። ገበሬውን ወንጀለኛ ለማድረግ ቀላል ነው። እኔ ግን በቦታው ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ ያልሰጡኝን ነገር አልጠበቅሁላቸውም ብዬ የምመልስ ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ግን ከደሴ በስተደቡብ ማይባር በምትባል ስፍራ ሌላ ዐይነት ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ግብርና ሚኒስቴርና የስዊስ አገር የበርን ዩኒቨርሲቲ በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር የመጀመሪያውን ጣቢያ ያቋቋሙት በዚያ ነው። 113 ሔክታር ያህል በምትሆን አንዲት ትንሽ ተፋሰስ የሚዘንበውን ዝናብ፣ የሚወርደውን ጐርፍና ጐርፉ የሚወስደውን አፈር መለካት ጀመሩ። ከሌሎቹ ጣቢያዎች ጭምር ከተገኘው ልኬት ተነሥቶ ሀንስ ሁርኒ የተባለው ሊቅ፣ በአገራችን ደጋ ከአንድ ሔክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ገመተ። 42 ቶን በቃል ሲነገር ብዙ ይመስላል፤ በእርሻው ላይ ግን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው። ገበሬው በዓመቱ አያየውም፤ የልጁ ልጅ ድንጋይ ሲያርስ ያየዋል። አባቶቻችን ይህን ጨርሶ አላወቁም ማለት ግን አይደለም። የወሎ ገበሬ በማሳው ውስጥ በሞፈር ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ፈሰስ የተባለው ቦይ ጐርፍን ለመምራት የተፈለሰፈ ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ ጕድለቱ የአንዱ ፈሰስ በጐረቤቱ ማሳ ላይ ማራገፉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን መሬቱን ሊያድን አይችልም፤ ከላይ ያለውና ከታች ያለው መነጋገር አለባቸው።

ወደ ዘመናችን ስመጣ፣ ከ1983ቱ ጥፋት ጥቂት ትምህርት ተገኝቶአል ብል አልዋሸሁም። በ1997 ዓ.ም. ግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር የማኅበረሰብ ተሳትፎ ያለበት የተፋሰስ ልማት መመሪያ አወጣ። መመሪያው ቀድሞ እንደ ነበረው ብዙ ሺህ ሔክታር በአንድ ካርታ ከማቀድ ይልቅ፣ ከ200 እስከ 500 ሔክታር የሚሆን፣ ሰዎቹ በስም የሚተዋወቁበት ተፋሰስ እንዲመረጥና ዕቅዱን ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች እንዲያወጡ ይላል። በዚያው ዓመት የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ የረዥም ጊዜ የምግብ ችግር ባለባቸው ወረዳዎች የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብና እህልም ከተፋሰስ ሥራ ጋር ተያያዘ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለ ክፍያ በየዓመቱ የሚደረገው የሕዝብ ዘመቻ ተጨመረ። የአማራ ክልል ለገበሬው የሰጠው የይዞታ ደብተርም አለ፤ ይህ ደብተር እርከን ባይሆንም እርከንን የሚያጸና ነገር ነው፤ ማሳው ነገ የኔ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ድንጋይ ለመካብ ይተጋልና።

እንግዲህ አንድ የተፋሰስ ጠባቂ ቡድን ዛሬ ምን ሊያገኝ ይችላል ብትሉኝ ብዙ ነው። የችግኝ ጣቢያ ችግኝ ይሰጣል፤ ወረዳው ዶማና አካፋ፣ ዲጂኖና የውሃ ልክ ያቀርባል፤ የልማት ሠራተኛው ቦረቦሩ በየት በኩል በክትር እንደሚታሰር ያሳያል። ተራራው በተከለለ በሁለተኛው ክረምት ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ እርሱም እየታጨደ በቤት ለታሰረ ከብት ይሆናል። አበባው ሲበዛ ቀፎ ይሰቀላል፤ መሬት የሌላቸውም ወጣቶች የማርና የከብት ማድለብ ማኅበር ያቋቁማሉ። በወላይታ፣ ሁምቦ በተባለው ስፍራ፣ 2,728 ሔክታር የተራቈተ ተራራ ተከልሎ፣ ከተቈረጠው ዛፍ ጕቶ የሚያቈጠቍጠው እየተጠበቀ መልሶ ደን ሆነ፤ ያ ደን ከአየር ውስጥ የሚስበው ካርቦን ተለክቶ በዓለም ባንክ በኩል በገንዘብ ተሸጠ። በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ መዝገብ ሲገባ በአፍሪቃ በዚህ ዐይነት የመጀመሪያው ትልቅ የደን ሥራ ነበረ። ሥራውን የያዙት ሰባት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። እነርሱ በሕግ ታውቀው ተራራውን ለመጠቀም መብት ባያገኙ ኖሮ፣ ውሉን የሚፈርምና ገንዘቡን የሚቀበል ሰው አይኖርም ነበር።

ይህ በኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። አሜሪካኖች በአቧራ ማዕበል እርሻቸው ሲጠፋ በ1927 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጡ፤ ሁለት ዓመት ሳይቈዩም ባለሙያ መላክ ብቻ እንደማይበቃ አይተው፣ ገበሬዎች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የሚያቋቁሙት፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው የአፈር ጥበቃ ወረዳ አደራጁ። የመጀመሪያው በሰሜን ካሮላይና ብራውን ክሪክ በተባለው ስፍራ በ1929 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዘዴው በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፍቶ ዛሬም ይሠራል።

በወሎ ደግሞ ማኅበር መሥራት ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። ቅሬን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው፣ ሁለት ጐረቤቶች በወሰን ሲጣሉ የሚያስማማው ቅሬ ነው፤ በብዙ መንደርም እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት አያገኝም፤ ከዚህ የበለጠ ቅጣት ደግሞ የለም። የገበሬ ማኅበር በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ ቅሬው አልፈረሰም። ተራራውን ለመጠበቅ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም በፊት፣ በዚያ መንደር የሰው ቃል የሚከበረው በየትኛው ሸንጎ እንደ ሆነ መጠየቅ ይሻላል ብል ከመመሪያው አልወጣሁም። አንዳንድ ጊዜ ግን የምናቋቁመው ኮሚቴ የተሰበሰበበትን ቃለ ጉባኤ ከማየት በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።

አሁን ወደ ሐይቅ የሄድሁበትን ነገር ልንገራችሁ። በኅዳር ወር፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ሲደርስ ከተሳላሚዎች ጋር ወረድሁ። በማግሥቱ ከሐይቁ በላይ ካሉት ዳገቶች ወደ አንዱ ወጥቼ፣ የአንድ ትንሽ የተፋሰስ ቡድን ሰብሳቢ የሆኑ ሽማግሌ አገኘሁ። ስማቸውንም መንደራቸውንም አልጽፍም፤ ሥራ የሚያስጀምሩ ሰዎች ናቸውና በኔ ምክንያት ክርክር እንዲመጣባቸው አልፈልግም። ዳገቱ ከተከለለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከታች ያለው ቦረቦር በድንጋይ ክትር ታስሮ ደለሉን ይዞአል፤ በደለሉም ላይ ሣር በቅሎአል። ‹‹አባቴ፤ ማን ይጠብቀዋል?›› ብዬ የባልደረባዬን ጥያቄ ለርሳቸው አቀረብሁ።

‹‹እኛው ነና ልጄ›› አሉና ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር አወጡ። ውስጠ ደንባቸው ነው። የጻፈላቸው አሥረኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጃቸው ነው፤ ጽሕፈቱም ከኔ ይሻላል። ወሰኑ ከየትኛው ዋርካ እስከ የትኛው ቋጥኝ እንደ ሆነ ተጽፎአል። ከብት ያስገባ የሚቀጣው፣ ማታ ሣር የሰረቀ የሚቀጣው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ያለ መዋጮ የምታጭደው ድርሻ በተራ ቍጥር ሰፍሮአል። ቅጣቱን አልከፍልም ያለ ሰው ነገሩ ለቅሬ ይነገራል ይላል። ከመጨረሻው ገጽ በታች 34 የጣት አሻራ አለ። ከብዙ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ይልቅ የጠነከረ ሆኖ አገኘሁት።

ከአሻራዎቹ ሥር ግን ለማኅተም የተተወ ባዶ ቦታ አለ። ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ ደብተሩን ይዘው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል። አንድ ቀን ኀላፊው ስብሰባ ነው፤ አንድ ቀን ደንቡ በኮምፒዩተር ተጽፎ ይምጣ ይባላል፤ ተጽፎ ሲመጣም እንዲህ ያለው ነገር የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው ይባላል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ አልናገርም፤ ይህን የምታነቡ ሁሉ ከራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፋይል ብታስታውሱ ይበቃኛል። ወንበሬ ቢለወጥ እኔም እንዲህ አላደርግም ብዬ ለመማል አልደፍርም። ማኅተም ከሌለው፣ ቅጣት የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሲል ደንቡ አይጸናም፤ ከከተማ መጥቶ ዳገቱን ለሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው ቢኖርም የሚመክቱበት ወረቀት የላቸውም። በቅርብ ዓመታት የተፋሰስ ተጠቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው በሕግ የሚታወቁበት መንገድ ተከፍቶአል፤ ሽማግሌው ግን ስለዚህ የሰሙት ከኔ ነበረ። ለማኅተም የሚያስፈልገው ስንዴም ዘይትም አይደለም፤ የችግኝ ጣቢያም አያስፈልገውም።

ከመለያየታችን በፊት ከዳገቱ ጫፍ ወደ ሐይቁ ተመለከትን። ገዳሙ በቀትር ፀሐይ ውስጥ ጠቍሮ ይታያል። ‹‹የነርሱን ዛፍ ማንም አይነካም›› አሉኝ፤ ሽማግሌው እስላም ናቸው፤ ስለ ገዳሙ ሲናገሩ ግን እንደ ጐረቤት ነው። ከዚያም ደብተራቸውን በፌስታሉ መልሰው ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። በደንቡ ተራ ቍጥር 6 ሣሩ የሚታጨደው በጥቅምት ነው። ያ ዓመት ግን ድርሻ ሲከፋፈል ክርክር ተነሥቶ፣ ማኅተም እስኪመጣ ይቆይ ተብሎ ነበረና፣ እኔ በሄድሁበት ጊዜ ሣሩ በቆመበት ደርቆ ነበር።